የጓሮ ቡና፦ ከነልጣጩ ይድረቅ፣ ይታጠብ ወይስ ከነማሩ?

ይርጋለም፣ እናቴ ጓሮ ውስጥ፣ ሃያ ሁለት እግር ቡና አለ። ከእንሰቱ ጋር ተደባልቆ ነው ያደገው። በየዓመቱ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፍሬው ሲቀላ ቤታችን ውስጥ ያው የተለመደው ክርክር ይነሳል። እናቴ «እንደ ድሮው ይሰጣ» ትላለች። አጎቴ በወጣትነቱ ማጠቢያ ጣቢያ ሠርቷል፤ ያልታጠበ ቡና ለሱ ገና ያልተጨረሰ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ስልኬን ይዤ እመጣለሁ። ኮስታሪካ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ኮሎምቢያ እንዲያ ያደርጋሉ እያልኩ ሁለቱንም አደክማቸዋለሁ።

አምና ክርክሩ ሰለቸን። ወደ ስልሳ አምስት ኪሎ ቀይ እሸት ለቀምን፤ ሃያ ሃያውን ለሦስት ከፈልነው። የተረፈችውን አምስት ኪሎ ለእኔ «እብደት» ተዉልኝ። ከዚህ በታች የምታነቡት በአብዛኛው ከዚያ የተማርኩት ነው። ለትልቅ ነጋዴ የሚሆን ምክር አይደለም። ጓሯቸው ውስጥ አሥርም ይሁን ሃምሳ እግር ቡና ላላቸው፣ «ዘንድሮ በምን ላድርቀው?» ለሚሉ ነው።

ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ፍሬ አንሱና በጥፍራችሁ ክፈቱት። ላዩ ቀይ ልጣጭ ነው። ከስሩ ጣፋጭ ሥጋ አለ። ከዚያ ጣትን የሚያሙለጨልጭ ዝልግልግ ነገር ይመጣል። ከዝልግልጉ ስር ፍሬውን ሸፍኖ የያዘ ስስ ጠንካራ ቅርፊት አለ። ከሱ ውስጥ ነው ሁለቱ የቡና ፍሬዎች ፊት ለፊት ተቃቅፈው የሚገኙት። የማድረቂያ ዘዴዎች ሁሉ ልዩነታቸው እነዚህን ልብሶች መቼ ማውለቅ የሚለው ላይ ነው። ከነሙሉ ልብሱ ካደረቃችሁት ጀንፈል ይሆናል። ልጣጩንም ዝልግልጉንም አስወግዳችሁ ካደረቃችሁት የታጠበ ቡና ነው። ልጣጩን ብቻ አውልቃችሁ ዝልግልጉን ከተዋችሁት፣ ፈረንጆቹ «የማር» የሚሉት ይሆናል።

ችግር ፈጣሪውም ጣዕም ሰጪውም ያ ዝልግልግ ነው። ስኳርና ፔክቲን የሚባል የሚያጣብቅ ነገር አለበት። ውሃ ብቻ ቢያፈሱበት አይለቅም፤ እንደ ተልባ ይንሸራተታል እንጂ። የሚያላቅቀው መብላላት ነው። ልጣጩ ላይም አየሩ ላይም ያሉ እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይበሉታል፣ አሲድ ያወጣሉ፣ ፔክቲኑም ይፈርሳል። የእንጀራ ሊጥ ላይ የሚሆነው ነገር የቅርብ ዘመድ ነው። እኛ ዘንድ ማንም ከሱቅ እርሾ ገዝቶ አይጨምርበትም።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ቁጥር የውሃው መጠን ነው። ቀይ እሸት ሲለቀም ከክብደቱ ወደ 65 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ማስቀመጥ የሚቻለው ውሃው ወደ 11 በመቶ ሲወርድ ነው። ከ12.5 በላይ ከሆነ ሻጋታ ይጠብቃችኋል። ከ9 በታች ከወረደ ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል፣ ሽታውም ይሞታል። በደፈናው አሥር ኪሎ ቀይ እሸት አራት ኪሎ ገደማ ጀንፈል ይወጣዋል። ከተፈለፈለ በኋላ ጥሬ ቡናው ሁለት ኪሎ አይሞላም። ይሄን ስሌት ልብ በሉ፤ «ቡናዬን ማን ሰረቀኝ?» ከሚል ጥርጣሬ ያድናል።

ለሁሉም ዘዴ የሚያገለግል አንድ ሥራ አለ፤ እሱን ካልሠራችሁ የቀረውን ባታነቡትም ይሻላል። ቀዩን ብቻ ልቀሙ። አረንጓዴው ያንቃል፣ ይመራል፤ መፈልፈያ ውስጥም በቅጡ አይላጥም። ከዚያ የለቀማችሁትን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ባዶው፣ ነቀዝ የነካውና ያልሞላው ይንሳፈፋል። ያንን ግፈፉት።

ከነልጣጩ ማድረቅ

ይሄ የእናቴ ዘዴ ነው። የአያቶቿም ነው። ሐረርጌ ዛሬም ድረስ የሚታወቀው በዚህ ነው። እዚያ ውሃው ራሱ ብርቅ ነው፤ ፀሐይ ግን ሞልቷል። የመንም እንደዚሁ ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፦ አስጥታችሁ ታገላብጡታላችሁ። ሲሠራ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በይርጋለም አየር ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ፈጅቶብናል። መብላላቱ የሚካሄደው እዚያው ልጣጩ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ፍሬው ገና እርጥብ ስለሆነ እጅግ አደገኛ ጊዜ ነው። በየሰዓቱ ካልተገላበጠ ከስር ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል።

መሬት ላይ አታስጡት። ይሄን ስል ከእናቴ ጋር ተጣልቻለሁ። የተለቀለቀ ግቢ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ አስጥታለች። ግን ቡና እንደ ቅቤ ነው፣ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል። አፈር አፈር የሚል ሲኒ የሚመጣው ከዚያ ነው። ዶሮውና ዝናቡስ? ማስጫ አልጋ ሥሩ። ከወገብ ከፍ ያለ አራት እግር ቀርከሃ፣ ላዩ ላይ ሽቦ ወንፊት ወይም የሰሌን ምንጣፍ፣ በቃ። አየር ከስርም ከላይም ይገባል። ውፍረቱ ከሁለት ወይ ከሦስት ጣት አይብለጥ።

ሽፋኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ካቻምና እኔ ነበርኩ ተራ ጠባቂ። ቀትር ላይ ፀሐዩ በረታ። «ይቃጠላል» ብዬ ላስቲክ ሙልጭ አድርጌ አለበስኩትና ከተማ ሄድኩ። ስመለስ መሽቷል፤ «ሌሊቱንም ይሸፍነው» ብዬ ተውኩት። ጠዋት ላስቲኩን ስገልጠው ከውስጥ ውሃ ተንጠባጠበ። ከስሩ ያለው ቡና ነጭ ጸጉር አብቅሏል። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቆሻሻ መጣያው ጉድጓድ ድረስ አብራኝ ተሸከመችው። ቀትር ላይ የሚከላከለው ጥላ እንጂ ላስቲክ አይደለም። ላስቲክ ለዝናብና ለጤዛ ነው፤ እሱም ቡናውን ሳይነካ ከፍ ብሎ እንደ ድንኳን ይወጠራል። ሻጋታ ጣዕም ማበላሸት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፤ ቆላችሁትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሻገተውን ለይቶ መጠጣት የሚባል ነገር የለም።

መድረሱን በጆሮ ታውቁታላችሁ። እፍኝ ሙሉ አንስታችሁ ስታንቀሳቅሱት ኳ ኳ ይላል። ልጣጩ ጠቁሮ ፍሬው ከውስጥ ለቋል ማለት ነው። አንዱን ፈልፍላችሁ በጥርስ ስትነክሱት ጥርስ ካልገባበት ደርሷል።

ጣዕሙ? ወፍራም ነው። ጣፈጥ ይላል፣ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ጥሩ የሐረር ቡና ቀምሳችሁ «እንጆሪ እንጆሪ ይላል» ካላችሁ፣ የዚህ ዘዴ ሥራ ነው። ድክመቱ ደግሞ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዷ ሲኒ ገነት፣ ቀጣይዋ ሲኒ ሆምጣጤ ልትሆን ትችላለች።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልጫ ግን ጣዕሙ አይደለም። ጀንፈል ባንክ ነው። ከነልጣጩ የደረቀ ቡና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራትን በደህና ይከርማል። ገበሬው በአንድ ጊዜ አይሸጠውም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ አንድ ጆንያ ያወጣል፣ ለቅሶ ሲመጣ ሌላ ያወጣል። ቀይ እሸት ግን በዚያው ቀን መሸጥ አለበት፤ ካደረ ተበላሸ። «ገበሬው ለምን አያጥብም?» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ይሄን ነገር አያነሱትም። ለቦረናና ለጉጂ ቡና ቀላም ከነገለባው የደረቀ ፍሬ ነው የሚፈለገው፤ በቅቤ የሚጠበሰው ከነልብሱ ነውና።

ማጠብ

አጎቴ እዚህ ላይ እጅጌውን ሰበሰበ። የማጠብ ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ዘግይቶ ነው፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አካባቢ። ይርጋጨፌ በዓለም ስሙ የናኘው በአብዛኛው በታጠበ ቡናው ነው። ዘዴው ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ጅማ ዞን፣ አጋሮ አካባቢ ያለውን ዱሮሚና የሚባል ማኅበር ይጠይቅ። የጅማ ቡና ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው ርካሽ ደረቅ ቡና ተብሎ ነበር። ገበሬዎቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ተደራጅተው ማጠቢያ አቋቋሙ። በ2012 እ.ኤ.አ. ቡናቸው በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው ዛፍ ነው። አፈሩም ያው።

ቤት ውስጥ ሲሆን እንዲህ ነው። በለቀማችሁበት ቀን፣ ሳይመሽ፣ ልጣጩን ታወልቃላችሁ። የእጅ መፈልፈያ ካለ አምስት ደቂቃ ነው። ከሌለ ለአምስት ኪሎ ያህል በጣት እየጨመቁ ማውጣት ይቻላል። ለሃያ ኪሎ ግን አትሞክሩት፤ እኛ ከጎረቤት መፈልፈያ ተውሰናል። ጥርሱ በጣም ከጠበቀ ፍሬውን ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ፍሬ ሲብላላ ይበሰብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ እፍኝ አሳልፉና እዩ።

ከዚያ ዝልግልጉ ያለበትን ፍሬ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ። ውሃ ሳይጨመርበት ቶሎ ይብላላል። ውሃ ቢውጠው ቀስ ይላል፣ ግን እኩል ይሆናል። ደጋ ላይ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል። ሞቃት ቦታ 24 ሰዓትም ሊበቃው ይችላል።

«ሰዓት አትይ» አለኝ አጎቴ። እጁን እስከ ክርኑ ባልዲው ውስጥ ከተተ። አንድ እፍኝ አውጥቶ አሸው። «ስማ» አለኝ። የሰማሁት መንሸራተት ነበር። «ገና ነው።» ማታ በ3 ሰዓት ደገመው። አሁንም ገና። ሌሊት በ9 ሰዓት ባትሪ ይዞ ቀሰቀሰኝ። ሲያሸው የወንዝ ጠጠር ድምጽ አወጣ፣ ሻካራ፣ ጭር ጭር የሚል። ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት መሀል ላይ ሰክቶ ነቀለው። ቀዳዳው ሳይደፈን ቀረ። «አሁን» አለ። በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ማጠብ ጀመርን። እስኪነጋ ብንተወው ምን ነበረበት? ዝልግልጉ ካለቀ በኋላ ባክቴሪያው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ ፍሬው ይዞራል። ከመጠን በላይ የተብላላ አንድ ፍሬ የሲኒውን ሁሉ ሽታ ያበላሻል፤ የሽንኩርት ወይ የበሰበሰ ነገር ጠረን ይሰጠዋል።

ሦስት አራት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እያሻችሁ ታጥባላችሁ። ሲታጠብ የሚንሳፈፈውን አሁንም ትገፍፋላችሁ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ከዚያ በኋላ በንጹሕ ውሃ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይዘፈዝፉታል። እኛም ዘፈዘፍነው። ቀጥሎ አልጋ። የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ውስጥ ይንጠፍጠፍ። ወዲያው ብርቱ ፀሐይ ከመታው ስሱ ቅርፊት ይሰነጠቃል። ከዚያ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ከጀንፈል ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች የሆነ ጊዜ ነው። አልጋውም ላይ የሚይዘው ቦታ ያነሰ ነው፤ ዝናብ የሚያሰጋው ሰው ይሄን ይመዝግብ።

ጣዕሙ ንጹሕ ነው። ቀለል ይላል፣ ደስ የሚል ኮምጠጥ ያለ ነገር አለው፤ የአበባና የሎሚ ሽታ የሚባለው ይሄ ነው። ሁሉም ሲኒ ተመሳሳይ ይሆናል።

ጉዳቱ ውሃው ነው። ለሃያ ኪሎ እሸት ስንት ጀሪካን እንደተመላለስኩ ወገቤ ያውቀዋል። የወጣው ውሃ ደግሞ ኮምጣጣና ስኳር የሞላበት ነው። ወንዝ ከገባ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ከብት የሚጠጣበት ምንጭ ከሆነ ነገሩ የከፋ ነው። ከቤት ራቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍሩለት። ልጣጩን ከእበትና ከአመድ ጋር ከምሩት፤ ለእንሰቱ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል።

ከነማሩ

ማር የለበትም። ዝልግልጉን ኮስታሪካዎች በቋንቋቸው ማር ስለሚሉት ነው ስሙን ያገኘው። ብራዚሎች ደግሞ ቀድሞም በሌላ ስም ይሠሩት ነበር። ልጣጩን በመፈልፈያ ታወልቃላችሁ፣ ሳታብላሉ ሳታጥቡ ቀጥታ አልጋ ላይ ታሰጣላችሁ። ዝልግልጉ ፍሬው ላይ ይደርቃል። ብዙ ከተተወና ቀስ ብሎ ከደረቀ ቀይ ወይም ጥቁር ይሉታል፤ ጥቂት ከተተወ ነጭ ወይም ቢጫ።

ውሃ የለም፣ ሌሊት መነሣት የለም፣ ጊዜውም ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ የሁለቱንም ጥቅም የያዘ ይመስላል። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር የጀመርኩት። ከዚያ ተጣበቀ። ፍሬው እርስ በርሱ እንደ ቀለጠ ከረሜላ ይያያዛል። በየሃያ ደቂቃው በእጅ መበተን አለበት። ጉንዳኑ መጣ፣ ንቡ መጣ፣ የጎረቤት ልጆች ንቡን ለማየት መጡ። እህቴ ሁለተኛው ቀን ላይ «ይሄን ቡና ለማን ነው የምታሳድገው?» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን መጣበቁ ቀነሰ፣ በአምስተኛው ተረፍኩ። ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት። ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ከታጠበው ይጣፍጣል፣ ከጀንፈሉ ይጠራል። ግን ለልፋቱ የሚመጥን ልዩነት ነው ብዬ አልምልም።

በነገራችን ላይ ሱማትራዎች ዝናብ ስለማይለቃቸው ስሱን ቅርፊት ፍሬው ገና ግማሽ እርጥብ ሳለ ፈልፍለው ራቁቱን ፍሬ ያደርቁታል። ዘዴው የመጣው ከአየሩ ነው። እኛ አገር የለቀማው ወቅት ከሞላ ጎደል ደረቅ ስለሆነ ለቤት ምንም ምክንያት የለውም።

የእኔ እብደት፦ የታሸገ ባልዲ

አሁን አሁን «አናሮቢክ» የሚል ቃል ካፌዎች ላይ ታያላችሁ። ያለ አየር የተብላላ ማለት ነው። ሳሻ ሼስቲች የሚባል አውስትራሊያዊ በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ባሪስታ (ቡና አፍይ) ሻምፒዮን የሆነው ወይን ሰሪዎች ከሚጠቀሙበት ጋር በሚመሳሰል ዘዴ በተሠራ ቡና ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ባልዲ ይዟል።

ከነልጣጩ ያለውን እሸት ክዳኑ አየር በማያስገባ ንጹሕ ባልዲ ጨመርኩ። ክዳኑን በስቼ ቀጭን ጎማ አስገባሁ፤ የጎማውን ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። ጎማውን ከዘነጋችሁ ክዳኑ ይፈነዳል። ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆየሁት። ከዚያ አውጥቼ እንደ ጀንፈል አደረቅኩት።

ለእናቴ ሳስረዳት ግማሽ መንገድ ላይ አቋረጠችኝ። «ቆጮ ነዋ» አለች። እውነቷን ነው። እንሰት ተፍቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ አየር እንዳይገባው ተጭኖ ይብላላል። ለሳምንታት ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ነገር እሷ ልጅ ሳለች ጀምሮ ታውቀዋለች። «ጉድጓዱን ማጽዳት ነው ዋናው» ብላ ባልዲዬን በፈላ ውሃ ደግማ አጠበችው። ዘይት፣ ጋዝ ወይም ፀረ ተባይ የነካው ዕቃ ፈጽሞ አይሆንም።

የወጣው ቡና ጠጅ ጠጅ የሚል፣ ቀረፋም ያለበት ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ይወደዋል። አጎቴ አንድ ጊዜ ፉት ብሎ ሲኒውን መለሰ። ዋና ምርታችሁን ለዚህ አታውሉት። አምስት ኪሎ ቢበላሽ አምስት ኪሎ ነው።

ጀበና ላይ ሲደርስ

መጀመሪያ ሦስቱን ለየብቻ ሳሳ አድርጌ ቆላኋቸው፣ ቡናማ እንደሆኑ አወጣኋቸው። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። አጎቴ ያጠበውን ከሽታው ብቻ አወቀው።

በማግስቱ እናቴ እንደልማዷ በብረት ምጣድ ቆላችው። ጠቁሮ ዘይት እስኪያወጣ። ጎረቤት ተጠራ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ ሦስት ጀበና ተጣደ። የቱ የቱ እንደሆነ ከእኔና ከእህቴ በቀር ማንም አያውቅም። አብዛኛው ሰው ጀንፈሉን መረጠ፣ «ወፈር ያለው» እያለ። አጎቴም መረጠው፣ የራሱ መስሎት። የታጠበውንና ከነማሩ ያለውን ደግሞ እኔ ራሴ ሁለተኛው ዙር ላይ በጣዕም መለየት አቃተኝ።

ይሄ ለምርጫችሁ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ቡናችሁን አጥቁራችሁ ቆልታችሁ በጀበና የምትጠጡ ከሆነ ያ ሁሉ የማጠብ ልፋት አብዛኛው ምጣዱ ላይ ይቀራል። ስኳር ወይ ጨው ከተጨመረማ ተዉት። ሳሳ አድርጋችሁ የምትቆሉ፣ በወረቀት ማጥለያ የምትጠጡ ከሆነ ግን ማጠቡ ትርጉም አለው።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምመርጠው። ለቤት የሚጠጣ፣ ፀሐዩ አስተማማኝ የሆነበት፣ በቀን ብዙ ጊዜ የሚያገላብጥ ሰው ያለበት ቤት ከሆነ ጀንፈል። ሌላ ነገር አላስብም። በለቀማ ወቅት ዝናብ የሚያስቸግር ደጋ ላይ ከሆናችሁ፣ ውሃ ቅርብ ከሆነና መፈልፈያ ከተገኘ እጠቡ። ሦስት አራት ሳምንት ከዝናብ መጠበቅ ቁማር ነው፤ አሥር ቀን ግን ይያዛል። መፈልፈያ ኖሮ ውሃ ከሌለ፣ ሥራ ፈት የሆነ ዘመድም ከመጣ፣ ከነማሩ ሞክሩ። ቤት ውስጥ ቀን ቀን ማንም ከሌለ ደግሞ፣ ሁላችሁም ሥራ የምትውሉ ከሆነ፣ ምንም ዘዴ አይሆናችሁም። ቀዩን እሸት በዚያው ቀን ለማኅበር ሽጡና የሚጠጣውን ግዙ። ይሄን መናገር ደስ አይልም፣ ግን በየዓመቱ አጥር ግቢ ውስጥ ሲሻግት የማየው ቡና አብዛኛው ባለቤቱ ሥራ ላይ ሆኖ የሻገተ ነው።

ለመሸጥ ከሆነ የገዢውን ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ሠፈራችሁ ውስጥ የሚገዛው እሸት ነው ወይስ ጀንፈል? እንደ ጣቢያ ያልተሠራ የቤት እጥበት ገዢ ላያገኝ ይችላል፤ ነጋዴው ንጽሕናውን ምን ብሎ ይመን? ብዙ ሰው መካከለኛውን መንገድ ይይዛል፤ የጥሩውን ሰሞን ቀይ እሸት ለማኅበሩ ያስረክባል፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ለቀማ ለቤት ጀንፈል ያደርጋል።

ከደረቀ በኋላ

በየትኛውም መንገድ ይድረቅ፣ ቶሎ አትፈልፍሉት። ጀንፈሉ ከነገለባው፣ የታጠበውም ከነስስ ቅርፊቱ ይቀመጥ። ልብሱ ከእርጥበትም ከሽታም ይጠብቀዋል። ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ በሙቀጫ ቀስ ብላችሁ ወቅጡና በሰፌድ አንፍሱት። አዲስ የደረቀ ቡና ወዲያው ሲቆላ ሣር ሣር ይላል፤ አንድ ወር ያህል ቢያርፍ ይሻለዋል።

ጆንያ ይሁን ዕቃው፣ የሚተነፍስ። መሬት አይንካ፣ ግድግዳም አይደገፍ፤ ከስሩ እንጨት ይነጠፍለት። ከበርበሬ፣ ከነጭ ጋዝና ከሳሙና ይራቅ። ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ለእህል ጥሩ ቦታ ነው፣ ለቡና ግን አይሆንም፤ ጭሱን ይጠጣዋል። የእናቴን ጀንፈል ዘንድሮ ከቆጡ አውርደን ጓዳ ውስጥ ሁለት ሳንቃ ላይ አስቀመጥነው። የአጎቴ የታጠበ አጠገቡ ነው፤ ጆንያው ላይ በከሰል ስሙን ጽፎበታል። የኔ ባልዲ ቡና እፍኝ የምትሞላ ቀርታ በጠርሙስ አለች፣ እንግዳ ሲመጣ እናቴ እያወጣች ታሸትታለች፣ «የልጄ ቆጮ» እያለች።